«ሴት የለም፤ ኤልክ ብቻ»

መስከረም በገባ ቁጥር ግራሲያና የመኝታ ቤቷን መስኮት ከፍታ ነው የምትተኛው። ብርዱ ጉልበቷን እንደሚቆረጥማት ታውቃለች፤ ቢሆንም አትዘጋውም። ባሏ ቤኛት በሕይወት ሳለ ጎህ ሲቀድ በክርኑ ጎሸም ያደርጋትና «ስሚ፣ መጡ» ይላት ነበር። ከዚያ ከላይ፣ ምንጩ አጠገብ ካለው ዱር፣ አስፐን ከሚባሉት ባለ ነጭ ልጥ ዛፎች መሃል፣ የወንዱ ኤልክ ጥሪ ይሰማል። ኤልክ አጋዘን ነው፤ ፈረስ የሚያህል አጋዘን። ሴቶቹን ሲጣራ ግን ድምፁ ከቁመናው ጋር አይገጥምም፤ ቀጭን ፉጨት ነው፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል። ግራሲያና ከሞላ ጎደል በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያን ድምፅ ከሞቀ አልጋዋ ሆና ሰምታዋለች። አንድ ቀን ይቀርብኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ቀረባት። ኤልኮቹ ከቀሩ ዘጠኝ ዓመት፣ ቤኛት ከሞተ አራት ዓመት።

ጥፋቱ የድርቅ ነው ማለት ይቀል ነበር፤ የራሳቸው ነበር እንጂ። በየበጋው ላሞቻቸውን ምንጩ ላይ ለቀው ሲከርሙ ላሞቹ ከሥር ብቅ ያለውን የአስፐን ቡቃያ ሁሉ ጨረሱት። አሮጌዎቹ ዛፎች ያለ ተተኪ ቀሩ። እናት ኤልክ ግልገሏን የምትደብቅበት ጥሻ ስታጣ መንገዷን ቀየረች።

ቤኛት ከሞተ በኋላ ግራሲያና የምትችለውን አድርጋለች። የላሞቹን ውኃ በቧንቧ ወደ ታች አወረደች፤ ላሞቹም ምንጩን ለቀቁ። የአጥሩን የላይኛውን ሽቦ ዝቅ አስደረገች፤ የታችኛውን እሾሃማ ሽቦ አስወጥታ ግልገል ሾልኮ እንዲያልፍ ልሙጥ ሽቦ አስገባችበት። ቤኛት በአንድ ወቅት እግሯ በሁለት ሽቦ መሃል ተጠምዝዞ የሞተች ግልገል አግኝቶ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር።

የቀረው ዛፎቹ ነበሩ። ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የመጣችው ልጅ ነገሩን በደንብ አስረድታታለች። «አሮጌው ግንድ ከላይ ቆሞ ሳለ ሥሩ ይተኛል። ሲቆርጡት ይነቃል፤ በአንድ በጋ ስንትና ስንት ቡቃያ ያወጣልዎታል። የቆረጡትን ግን አያንሡት፤ እንደወደቀ አመሰቃቅለው ይተዉት። እንስሳ ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላው አጥር ይሆናል። ስምንት ዓመት ከታገሡ ዱር ነው።»

ችግሩ ምንጩ ላይ የቆመው ትልቁ ዛፍ ነበር። ቤኛት በፈረንጆቹ 1959 ከባሕር ማዶ፣ ከባስክ አገር እንደመጣ፣ በሃያ ዓመቱ፣ በዚያ ተራራ ላይ ብቻውን በግ ይጠብቅ ነበር። የባስክ እረኞች ሁሉ እንደሚያደርጉት ነጩን ልጥ በሰንጢ ጭሮ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፈ። ከሥሩም «ሴት የለም፤ ኤልክ ብቻ» አለበት። ከሰባት ዓመት በኋላ ሲጋቡ ወስዶ አሳያት። ግራሲያና እስኪያንፈራፍራት ሳቀች።

«ይሄ ስሞታ ነው ወይስ ምስጋና?» አለችው።

ቤኛት ሰንጢውን አውጥቶ ከታች «አሁን አለች» ብሎ ጨመረበት። ዛፉ በወፈረ ቁጥር ጭረቱ እየሰፋ፣ ፊደሎቹ ዛሬ ጠቋቁረው አውራ ጣት ያህላሉ።

ጎረቤቷ ኦሪን፣ አፉ ክፉ እጁ ደግ የሆነው ወንደላጤ ሽማግሌ፣ ሦስት ጸደይ የሞተር መጋዙን ስሎ መጣ፤ ሦስቴም መለሰችው። አንዴ ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል አለች። አንዴ ጉልበቴን አሞኛል አለች። በሦስተኛው ምክንያትም አልሰጠችው።

በአራተኛው ጸደይ ምንጩ ድረስ አብራው ወጣች።

«ዘንድሮስ ምን አመመሽ?» አላት።

«አንተን ማየት።»

«እሱማ የቆየ በሽታሽ ነው።» ከዚያ ሳቁን ተወ። «ስሚ ግራሲያና፣ ስምንት ዓመት ነው የሚፈጀው። አንቺ ሰባ ስድስት ሞልቶሻል። እኔ ሒሳብ አልወድም፤ ይሄን ግን ሕፃንም ይደምረዋል።»

«ሌላውን ሁሉ ቁረጥ። ያንን ተወው።»

«ዋናው ሥር የእሱ ነው እኮ! እሺ፣ ጽሑፉ ያለበትን ጎን ፈልጬ ልስጥሽና ሳሎን ስቀይው።»

«ልጡ ሲደርቅ ይረግፋል። ቤኛት ሳሎኔ ውስጥ ሲረግፍ ቁጭ ብዬ ልይ?»

ግራሲያና መዳፏን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። ናፍቆቷ የዛፉ አልነበረም፤ ጎህ ሲቀድ የሚጎሽማት የዚያ ክርን ነበር። ኤልኩም ቢመለስ ክርኑን አያመጣላትም። ግን ቤኛት በሚቀሰቅሳት ሰዓት የሚቀሰቅሳት ነገር ይኖራል።

«ቁረጠው» አለች። «ጽሑፉ ግን ወደ ሰማይ ይሁን።»

እንዳለችው ጣለው። ሌሎቹንም በላዩና በዙሪያው አጋደማቸው፤ ፊደሎቹን ግን አልሸፈነባትም። ያን ሳምንት ኦሪን በሯን ሲያንኳኳ አልከፈተችለትም።

በሐምሌ ቡቃያው በግንዶቹ መሃል እስከ ጉልበት ደረሰ። መስከረም ገባ፤ መስኮቱን ከፈተች። ስምንት ቀን ምንም የለም። በዘጠነኛው ንጋት ፉጨት ሰማችና ብድግ አለች። ፉጨቱ ያለ ቦታው ተሰበረ፤ ከዚያም የሰው ሳል ተከተለው። ኦሪን አዳኞች ኤልክ የሚጠሩበትን ቱቦ ይዞ ኮረብታው ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ኦሪን ምንም እንዳልተፈጠረ መጣ። «ጠዋት የሰማሽው ነገር አለ?»

«አለ። ጉንፋን የያዘው ኤልክ።»

ሽማግሌው ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ድምፁ እንደገና መጣ። ዝቅ ብሎ ጀምሮ፣ ረዝሞ፣ በቦታው ተሰበረ። ይሄ ቂል ሰውዬ ተለማምዷል አለች በልቧ። ደስ አላት፤ ትኩስ ዳቦ ይዛ ቤቱ ሄደች። ኦሪን ጉንጩ አብጦ፣ አገጩን በጨርቅ አስሮ ከፈተላት።

«የዛሬው በጣም ይሻላል» አለችው።

«የዛሬው የቱ?» አለ በግማሽ አፉ። «ትናንት ጥርሴን ነቅለውኝ ሳቃስት ነው ያደርኩት። ውኃ መዋጥ አቅቶኝ ቱቦ ልነፋ?»

ግራሲያና የበሩን መቃን ያዘች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ኤልኩ መጣ» አለች። ዓይኗ ወደ ምንጩ ሄደ። «ሴቲቱም አለች። የጻፈው ብቻ ነው የሌለው።»