ጎታው ሲጎድል

«ለልደት ነው?» አለችው ባለሱቋ፣ ሦስት ቀይ ፊኛ እያቀበለችው።

መሳፍንት ምን ይበላት? ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ዐይኑ በርበሬ መስሏል። እንዲህ ያለ ልደት ደብረ ማርቆስ አይታ አታውቅም።

«ለአባቴ ለቅሶ ነው» ብሎ እውነቱን ተናገረ።

ባለሱቋ ፊኛውን አየች፣ እሱን አየች፣ «እግዜር ያጥናህ» አለችና በሩን እስኪወጣ በዐይኗ ሸኘችው። ይኼ ልጅ ሐዘኑ ወደ አናቱ ወጥቷል ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

ፊኛዎቹን በጋቢው ሥር ሸሽጎ ወደ ቤት ገሠገሠ። አጎቱ ወልደ ገብርኤል ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ መጥረቢያ ይስላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎታው ሊፈርስ ነው።

ጎታው ጓዳው በር አጠገብ እንደ ወፍራም ባልቴት የተዘፈዘፈ የጭቃ ጎታ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት አዲስ ሙሽራ ሳለች በእጇ የሠራችው። አባቱ፣ የዜማ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ካረፉ ዛሬ ሠልስት ነው። በእነዚህ ሦስት ቀናት ስንዴው ሁሉ ለንፍሮ ወጥቶ አለቀ። ከቁይ፣ ከጉንደ ወይን፣ ከሮብ ገበያ የመጣው የመሪጌታ ተማሪ ሐዘኑ ከልብ ነው፤ አፉ ግን ሥራ አልፈታም። አጎትየው ባዶውን ጎታ በጣቱ አንኳኳና፣ «ለአርባው ሰው የት ሊቀመጥ ነው? ይፍረስ!» ብሎ ፈረደ። ወለተ ሐዋርያት አልከለከለችውም።

መሳፍንት ግን ጎታውን ይፈልገዋል። ለጊታሩ።

መሳፍንት ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ያነሣል፤ ከሥራ ሲመለስ ሄቪ ሜታል የሚሉትን ሙዚቃ ይጫወታል። ጎረቤት ሲሰማው ወፍጮ ድንጋይ የዋጠ ይመስለዋል። እውነተኛውን የጊታር ማጉያ፣ ያንን ትልቅ ሣጥን፣ ከየት ያምጣው? ጊታሩን ላፕቶፑ ላይ ይሰካና አንድ ፕሮግራም ማጉያውን ያስመስልለታል። ማስመሰሉንስ ያስመስላል፤ ድምፁ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነበር። እናቱ አምስት ዓመት ሙሉ ግድግዳውን በሙቀጫ ዘነዘና እየደበደበች «አጥፋው!» ብላዋለች።

አንድ ቀን በሩ ተከፈተና መሪጌታ ገቡ። መሳፍንት ጊታሩ በመስኮት የሚወረወር መሰለው። እሳቸው ግን ዱካ ስበው ተቀመጡ፤ የተማሪ ዜማ እንደሚሰሙ ሁሉ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ድገመው።»

ደገመው።

«ጉሮሮ አለው፤ ደረት የለውም» አሉ። «ደግሞ ምን ያስጮኸዋል? የሚጮህ ሁሉ ኃይለኛ አይደለም። ፈሪም ይጮኻል። ቀንስለት።»

ድምፁን የሚያሻክረውን ቁልፍ በግማሽ ቀነሰው። የሚገርመው፣ ጊታሩ ይብሱን ከበደ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ድምፁን ለማግዘፍ ብሎ፣ አንዱን ቅጂ አባዛና በቀኝም በግራም ጆሮ አስቀመጠው። መሪጌታ ማዳመጫውን ወዲያው አወለቁት።

«ይኼ አንድ ሰው ነው።»

«ሁለት ነው አባዬ፣ በቀኝም በግራም አለ።»

«አንድ ሰው ሁለት ቦታ ቆሞ እያታለለኝ ነው! በማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አንድ ዜማ ይላሉ፤ ትንፋሻቸው ግን ለየብቻ ነው። ሰነፍ! ሁለተኛውንም ቁጭ ብለህ ምታው እንጂ!»

መታው። ዜማው ያው፣ እጁ ግን አንዳንዴ የፀጉር ያህል ቀደም፣ አንዳንዴ ዘግየት ይላል። ቤቱ የሰፋ መሰለ።

የቀረው ደረቱ ነበር። ባለፈው ነሐሴ፣ ጎታው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ወለተ ሐዋርያት ከገበያ ስትመለስ ባሏን ወንበር ላይ ቆመው፣ ራሳቸውን ጎታው ውስጥ ከትተው ሲያዜሙ አገኘቻቸው።

«ኧረ ምን ሆኑ? አይጥ ነው የሚያስተምሩት?»

መሪጌታ ጢማቸው ገለባ በገለባ ሆኖ ብቅ አሉ። «መሳፍንት! ና፣ ደረቱን አገኘሁልህ!»

ኮምፒውተሩ የአንድን ባዶ ነገር ማስተጋባት አንዴ ከቀዳ ጊታሩን በዚያ ውስጥ ማሳለፍ እንደሚችል መሳፍንት የተረዳው ዘግይቶ ነው። እስከዚያ አዲሱ ስንዴ ገባ። «ታገሥ፣ በሰኔ ይጎድላል» አሉት። ሰኔን ግን አልጠበቁም፤ ቀጠሮውን ራሳቸው ወደ ጥር አመጡት።

እንግዲህ አሁን የሚያስፈልገው ጎታው እንዲያስተጋባ አንድ ፍንዳታ፣ ማስተጋባቱ ጥርት ብሎ እንዲቀዳ ደግሞ ጸጥታ ነው። ፍንዳታውስ በጋቢው ሥር አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጸጥታ ከየት ይመጣል? እናቱ አጠገብ ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ፊኛ ላፈነዳ ነው።»

«የት?»

«ጎታው ውስጥ።»

ወለተ ሐዋርያት ትክ ብላ አየችው። «ያ እሳቸው ያሉት ነው?»

«እሱው ነው።»

ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች፤ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። «ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ዝም በሉልኝ።»

ሰዉ የኅሊና ጸሎት መስሎት ግር ብሎ ተነሣ። ቆብ ያለው ቆቡን አወለቀ። ከተወለደች ዝም ብላ የማታውቀው ጎረቤታቸው ዘሪቱ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። መሳፍንት ላፕቶፑ ላይ የሰካውን ማይክ በጎታው የታች አፍ አስገባ፣ ፊኛውን ከላይ አንጠለጠለ፣ በእሾህ ወጋው።

ዷ!

ዶሮ ሁሉ በረረ። ከድንኳኑ ውስጥ፣ ከቁይ የመጡት ሽማግሌ አቶ እንዳላማው ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «ይገባቸዋል! ለመሪጌታ ጥይት ይገባቸዋል! የማን ልጅ ነው የተኮሰ?»

«ኧረ የምን ጥይት!» አለች በመስኮት አጮልቃ ያየችው ዘሪቱ። «ፊኛ ነው!»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «ፊኛም ቢሆን አንድ ብቻ? ለእኒያ ሰውዬ? ድገመው!»

«ድገመው!» አለ ድንኳኑ።

ሁለተኛው ዷ ሲል አንዷ ሳቋን አፍና ተንፈቀፈቀች። ሦስተኛው ዷ ሲል መነኩሴዋ አመተ ሥላሴ እንኳ «ወይ አካለ ወልድ፣ ሞተህም ታስቀኛለህ» ብለው ሆዳቸውን ያዙ።

«ጨረስህ?» አለ አጎቱ መጥረቢያውን አንግቦ።

«ትንሽ ታገሠኝ አጎቴ።»

ለቅሶ ቤት ነውና ማዳመጫውን ሰካ። የጊታሩን ድምፅ በተቀዳው የጎታ ማስተጋባት ውስጥ አሳለፈው። ንቧ ከቆርቆሮው ወጣች፤ በምትኳ ሆድ ያለው፣ አፈር አፈር የሚሸት ድምፅ ከመሬት ተነሣ። መሳፍንት ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ እናቱ ዘንድ ሄዶ ጥቁር ሻሿን ገለጥ አድርጎ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አኖረላት።

«ይጮኻል» አለች።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ፣ «ቆይ እስቲ» አለችና ተነሣች። ሽቦው እንዳይነቀል መሳፍንት ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ጥላ እንደያዘ ዲያቆን ከኋላዋ ተከተለ። ጎታው ፊት ስትቆም ወንድሟ ወልደ ገብርኤል መጥረቢያውን አነሣ።

«ዞር በይ እህቴ፣ አፈሩ ልብስሽን እንዳያበላሽ።»

«ታፈርሰዋለህ። መቼ ከለከልሁህ?»

መዳፏን ጎታው ሆድ ላይ ለጠፈች፤ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እንዳለ ነው። ከጭቃው ያፈነገጠች አንዲት ጭድ ነቀለች። ከዚያ አውራ ጣቷን በምራቋ አረጠበችና፣ አጎትየው መጥረቢያውን አንሥቶ እየጠበቀ፣ ከጎታው አፍ ሥር ያለችውን ቀጭን ስንጥቅ ቀስ አድርጋ ለስና ደፈነቻት።