የቾ ውታፍ

«ባርኪ! የሙት ዱቄት ትሰርቃለህ?»

ታላቅ እህቱ ቲቦም ሙቀጫው አጠገብ ቆማለች። ባርኪ በሁለት እጁ የዘገነውን የሩዝ ዱቄት በሸሚዙ ጫፍ እንደቋጠረ ደርቆ ቀረ። ዱቄቱ ሴቶቹ ለቾ ሰባተኛ ቀን ከንጋት ጀምረው የወቀጡት ነው። ከሰዓት በኋላ በስኳር ተለውሶ ለለቀስተኛው ሁሉ ይታደላል። ሟቹ ቾ የባርኪ የበኩር ልጅ ነው።

«ትንሽ ነው የወሰድኩት» አለ።

«ትንሽ! አንተ ሰውዬ፣ ኀዘኑ አእምሮህን ነሳህ እንዴ? ምን ልታደርግበት ነው?»

«ለጀልባው።»

ቲቦም በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። ጓሮ የካሳቫ ቅጠል ሲያማስሉ የነበሩት ሴቶች ማማሰያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ስድስት ቀን ሙሉ ዳስ ሥር ተቀምጦ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ለሚለው ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ የከረመ ሰው፣ ዛሬ አፉን ሲከፍት ስለ ጀልባ ያወራል! «እግዜር ያጥናው፤ ልቡ ሄዷል» አለች አንዷ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ።

ቾ የሞተበት ጀልባ ከቤቱ ፊት ለፊት አሸዋው ላይ ተጋድሟል። ባሕሩ ሸሽቷል፤ እስኪመለስ ጊዜ አለ። ባርኪ የወለሉን ሳንቃዎች አንድ በአንድ አነሳና ከሥራቸው ያለውን የጀልባውን ሆድ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ጭቃውን ጠረገ፣ ውሃውን መጠጠ፣ የቀረውን ፀሐይ አደረቀለት።

ከዚያ ከኪሱ ውታፏን አወጣ። የአውራ ጣት የምታህል የነሐስ ውታፍ ናት፤ በጀልባው ኋላ፣ ውሃ በሚወጣባት ቀዳዳ ውስጥ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘች ትገጠማለች። ጫፏ ላይ የተቆረጠ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። አስከሬኑን ያጠቡት ሰዎች ከቾ እጅ አንጓ ላይ ቆርጠው ነው የሰጡት። «እጁ ላይ ታስሮ አገኘነው» ከማለት በቀር ነገሩን አላስተዋሉትም። ባርኪ ግን ወዲያው ገባው። ገባውና ኪሱ ከተታት፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ዳሱ ሥር ደግሞ ወሬው ይፈላ ነበር። የጀልባ ማረፊያው ኃላፊ ዶሚንጎ፣ ጀልባው ተጎትቶ የመጣ ዕለት ቀዳዳዋን በጣቱ ነካክቶ «ውታፍ የለውም፤ ረስቶ ነው የተነሳው» ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲያ አንዱ «ጠጥቶ ነበር» ሲል፣ ሌላው «ሁለት ጠርሙስ» ሲል፣ በአራተኛው ቀን ጠርሙሱ አምስት ደረሰ። «ዛሬ ከጸሎቱ በኋላ ለነጂዎቹ እናገራለሁ፤ የቾ ስህተት ትምህርት ይሁናቸው» ብሏል ዶሚንጎ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያመነውን ነው የሚናገረው።

ቾ ይረሳል? ኧረ ቾ! በር ዘግቶ ከተኛ በኋላ ተነስቶ እንደገና የሚገፋ ሰው። ነዳጁን ሁለቴ አይቶ፣ ተሳፋሪውን ሦስቴ ቆጥሮ ካልሆነ ሞተር አያስነሳም። ወደ ቦንቴ ከተማ የሚሻገሩት ገበያተኞች «ቾ፣ ዓሣችን ሸተተ እኮ፣ ቶሎ በል!» ሲሉት «ከነሽታው ይድረስ፤ ዋናው እናንተ መድረሳችሁ ነው» ይላቸዋል። ማረፊያው ላይ «አሮጊቷ» ነበር የሚሉት። ይህን ስም ያወጣለት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ አባቱ ነው።

ቾ አባቱን ሦስት ወር ሙሉ ለምኖታል። «አባዬ፣ ጀልባው ከሆነ ቦታ ውሃ ያስገባል። አንድ ቀን እናሳርፈውና ፈልገን እንድፈነው።»

ባርኪ ሠላሳ ዓመት ነድቷል። በዚያ ዳርቻ የጀልባ ቀዳዳ በማግኘት የሚስተካከለው የለም። «ውሃ የማይጠጣ ጀልባ አይቼ አላውቅም፤ ዝናቡ ይውጣና እናየዋለን» ይለዋል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ልጁ ሲነዘንዘው ጊዜ የድሮ ነጂዎችን ዘዴ አስተማረው። በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ ውታፉን ንቀለው፤ ጀልባው ሲሮጥ ውሃው ራሱ ወደ ኋላ ተመጥጦ ይወጣል። ፍጥነትህን ከመቀነስህ በፊት መልሰህ ክተተው። እንዳይጠፋብህ እጅህ ላይ እሰረው።

«ሞተሩ ድንገት ቢጠፋስ?» አለ ቾ።

«አንቺ አሮጊት!» ብሎ ሳቀበት ባርኪ።

አንድ ቀን ውታፏ እንደተነቀለች ባሕር መሃል ሞተሩ ጠፋ፤ ውሃው በቀዳዳዋ ይገባ ጀመር። የተረፉት አራት ተሳፋሪዎች እንደተናገሩት፣ ቾ ባዶ ጀሪካኖቹን አከፋፈላቸውና እሱ ውሃ ወደሞላው ወደ ጀልባው ኋላ ጠለቀ። ምን ሊያደርግ እንደጠለቀ አላወቁም። ከዚያ ጀልባው በላዩ ተገለበጠ።

ባርኪ ውታፏን ቦታዋ አስገብቶ አጠበቃት። ዱቄቱን በደረቀው ሆድ ላይ ነሰነሰው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆነ። ባሕሩ ቀስ እያለ ተመለሰና ጀልባውን ከሥሩ አነሳው። ተንበርክኮ ጠበቀ። ምነው ባላገኘው፣ ምነው የማይገኝ በሆነ፣ አለ በልቡ።

በግራ በኩል፣ ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ሥር፣ ዱቄቱ ጠቆረ። የጠቆረው መስመር እየረዘመ ወደ እሱ መጣ። መነሻውን በጣቱ ተከተለ። ከዓመታት በፊት ራሱ በእንጨትና በማስቲሽ የደፈናት አሮጌ የብሎን ቀዳዳ ናት። እንጨቱን በጥፍሩ ቢነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈርፍሮ ወጣ፤ ውሃው ተስፈንጥሮ ፊቱን መታው። በአውራ ጣቱ ደፈናት። ውሃው ቆመ።

«ይቺው ናት?» አለ። «ይቺው ናት እንዴ?» ስድስት ቀን ያልመጣለት ልቅሶ ያን ጊዜ መጣ።

የቾ ሚስት የማ እንደዚያ ሆኖ አገኘችው። ጥቁር ለብሳ፣ የገፋ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ውሃው ውስጥ ቆመች።

«አባባ፣ ሰዉ ይጠብቅዎታል። ዶሚንጎ ሊናገር ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ጀልባ ያውቃሉ። ስለ እግዚአብሔር፣ አልረሳም ይበሉልኝ። ይሄ በሆዴ ያለው ተወልዶ የሰካራሙ ልጅ ሊባል ነው።»

እሱ ሳይመልስላት ዓይኗ ውታፏ ላይ አረፈ። «ይሄ ክር... እኔ ነኝ የገመድኩለት። ፀጉር የምሠራበት ክር ነው። ከየት አመጡት?»

«እጁ ላይ ነበር» አለ ባርኪ። «አልረሳም ልጄ። መጠጥም አልቀመሰም። እያወቀ ነው የነቀለው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ፈልግልኝ ሲለኝ ስቄበት።» አንገቱን እንደደፋ ሁሉንም ነገራት። ጣቱን ግን ከቀዳዳዋ አላነሳም።

የማ አላለቀሰችም። ነጩን ዱቄት አየች፣ የጠቆረውን መስመር አየች።

«ለማግኘት ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?»

ሊዋሻት ፈለገ፤ አፉ እምቢ አለው። «ግማሽ ቀን አይሞላም።»

ከቤቱ በኩል ሰዉን ለጸሎት የሚሰበስበው ሰሃን በማንኪያ ሲመታ ተሰማ።

«ይነሱ» አለች በመጨረሻ። «ለእኔ እንደነገሩኝ ለሁሉም ይንገሩ። አንድም ሳያስቀሩ።»

«ጣቴን ካነሳሁ ይገባል።»

ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ጀልባው ቢሞላ እንኳ የትም አይሰምጥም። ሁለቱም ያውቁታል። የማ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጀልባው ወጣች። ዱቄቱ ላይ ተንበረከከችና የእሱን እጅ ገፋ አድርጋ አውራ ጣቷን ቀዳዳዋ ላይ አኖረች።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች።

ባርኪ ዳሱ ጋ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ተመለከተው። እጁም ጉልበቱም በዱቄት ነጥቷል። ዶሚንጎ ከቆመበት ቦታ ለቀቀለት። ባርኪ ከመናገሩ በፊት ዞር ብሎ ወደ ባሕሩ አየ። የማ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።