ራዲዮ የቆረጠው ሳክስፎን

በደቡብ አፍሪካ የኒው ብራይተን የጃዝ ማኅበር እሁድ ከሰዓት በኋላ በሊቀ መንበሩ በታታ ምቦቫኔ ጋራዥ ይሰበሰባል። መኪናዋ ደጅ ትወጣለች፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሁሉም የሙዚቃ ሸክላውን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለውን የማኅበሩን ጫማ የሚያደርጉት ለክብር ቀን ነው። ደመና ካዩ በላስቲክ ጠቅልለው ይይዙትና በሌላ ጫማ ይመጣሉ እንጂ ጭቃ አያስነኩትም። ሕጋቸው አጭር ነው። የተጫወተው ሸክላ አንድ ሰው እንኳ ከወንበሩ ካላስነሳ ሊቀ መንበሩ የማጫወቻውን መርፌ አንስቶ ያስቆመዋል። ሰው ያስነሳ ሙዚቀኛ ግን ሲሞት ማኅበሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እየደነሰ እስከ መቃብሩ ይሸኘዋል።

ኖማሊዞ አባል አይደለችም። መንገድ ዳር የበግ ጭንቅላት እየጠበሰች ትሸጣለች። የዚያን እሁድ የመጣችው ወንድሟ ምዙኪሲ ስለሞተ ነው። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፤ ማኅበሩ እንዲሸኘው ፈልጋለች።

«ሲሲ፣ እህቴ፣ ነፍሱን ይማረው» አለ ታታ ምቦቫኔ። «ግን እኛ የምናውቀው የአውቶቡስ ሹፌር ነው።»

«ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ይኸው እዚህ ላይ አለ።»

ሸክላውን አወጣች። ሽፋኑ ላይ አንዲት ታዋቂ ዘፋኝ ትስቃለች። የምዙኪሲ ስም የለም።

ሉንጊሳ የሚሉት፣ ከሁሉም ምላሰኛው፣ ከት ብሎ ሳቀ። «በዚህማ በየሰርጉ ስንጨፍር ኖርን! ራዲዮውስ ስንት ዘመን አደነቆረን! አሁን ምኑን ልታሰሚን ነው?»

«መጨረሻውን ሰምተኸዋል?»

«በቃሌ ልዝፈንልሽ?»

«አንተ የምጠብሰውን የበግ ጭንቅላት ትመስላለህ፤ ጥርስ ብቻ። ዝም በልና ላጫውተው።»

ጋራዡ በሳቅ ሞላ። እነሱ ሲስቁ እሷ ሸክላውን አድርጋ መርፌውን አስቀመጠችበት።

ዘፋኟ ጀመረች። ማንም አልተነሳም። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው ጫማውን በመሐረብ ጠረገ። ዘፋኟ የመጨረሻውን አዝማች ጨረሰች። ራዲዮ ላይ አስተዋዋቂው ዘሎ ገብቶ የሚለፈልፈው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሰርግ ላይም እዚሁ ላይ ነው ሌላ ሸክላ የሚደረገው። ታታ ምቦቫኔ እንደ ሕጉ እጁን ወደ መርፌው ሰደደ። ኖማሊዞ ክንዱን ያዘችው።

«ሲሲ፣ ሕግ ነው።»

«ታታ፣ አላለቀም።»

«ልቀቂኝ እንጂ።»

«አልለቅም።»

ክንዱን እንደያዘች ሳክስፎኑ ገባ። አልጮኸም። ዘፋኟ የተወችውን ዜማ ከጫፉ አነሳና በራሱ መንገድ ይዞት ሄደ። እሷ በችኮላ ባለፈችበት ቦታ እሱ ቆመ። ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። አንዴ ወደ ላይ የሚወጣ መሰለ፤ ተወውና ቁልቁል ወርዶ አንዲት ዝቅ ያለች ድምፅ ላይ ቆየ። ቆየባት። ከዚያ ሸክላው አለቀ።

የደነሰ የለም። ሉንጊሳ ግን ቆሟል፤ መቼ እንደተነሳ ያየው ሰው አልነበረም። አፉ ተዘግቷል።

«ማን ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ምዙኪሲ። በየጠዋቱ ሥራ ቦታህ ሲያደርስህ የኖረው።»

ታታ ምቦቫኔ መርፌውን አነሳ። «በይ እስቲ መጨረሻዋን ድገሚልን።»

«ከመጀመሪያው ነው የምትሰሙት።»

«ዘፈኑንማ እናውቀዋለን፣ ሲሲ።»

«እሱም ሲቀዱት ዘፋኟ እስክትጨርስ ቆሞ ነው የጠበቀው። እናንተም ጠብቁ።»

ተቀምጠው ጠበቁ።

ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። የመቃብሩ መንገድ ጭቃ እግር ይይዛል። ኖማሊዞ ከሬሳው መኪና ኋላ ስትሄድ ዘወር ብላ የሚደንሱትን ሰዎች እግር አየች። የክብሩን ጫማ አድርገዋል። ነጩ ከጥቁሩ አይለይም።