ትንፋሹ ጋ ሲደርስ

«እነዚህንም ሸፍኗቸው» አለች እትዬ፤ በእጇ የያዘችውን አንሶላ ወደ ሁለቱ ስፒከሮች እየዘረጋች። «ለቅሶ ቤት እንዲህ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያይ ነገር አልወድም።»

የሟች ባል፣ ሾፌሩ፣ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ደግፎ ሳያነሣው ሲነሣ ይሄ የመጀመሪያው ነበር።

«ተዪው እትዬ። እሷ ጨርቅ ሲነካቸው አትወድም።»

እትዬ የሟች ታላቅ እህት ናት። «አትወድም ነበር» ብላ ልታርመው አሰበችና ዋጥ አደረገችው። አንሶላውን አጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

«እሺ፣ አይሸፈን። ግን እንዳይከፈት! እህቴ አፈሩ ሳይደርቅላት ዘፈን የሚሰማበት ቤት ውስጥ እኔ አልቀመጥም።»

ይህን የመጨረሻውን ጮክ ብላ ስለተናገረችው ሰማው። ያልጮኸ ነገር አይሰማም። ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሞተር አጠገብ ተቀምጦ ጆሮው አልቋል። ወፈር ያለ ድምፅ ይገባዋል፣ ቀጭኑ ግን ከናካቴው የለም፤ ወፍ ይኑር አይኑር አያውቅም፣ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ሰው ካልነገረው ውኃው ተኖ ያልቃል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሁሉ ነገር ሹክሹክታ ነው። ጎረቤቱ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዉ፣ የሩቅ ዘመዱ ጎንበስ እያሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱለታል፤ እሱም መቼም አጽናኝ ቃል ነው ብሎ «አሜን» ይላል። አንዷ «ቡናው ይደገምልህ?» ብላው «አሜን» ብሏታል። ቀዳችለት፣ ምን ታድርግ።

ሚስቱ የሂሳብ መምህርት ነበረች። ጡረታ ሲወጣ ሌላው ሰው አትክልት ይተክላል፣ እሷን ግን ድምፅ ያዛት። መጋዘን የነበረችውን ጠባብ ክፍል አስጠርጋ፣ ግድግዳውን በወፍራም ምንጣፍ አስለብሳ፣ እንደሷ ጆሯቸው ዕረፍት የማይሰጣቸውን ሰዎች ሰበሰበች። እትዬ «ጆሮ ቆራጮቹ» ትላቸዋለች። የሚጨቃጨቁበት ነገር ዳክ ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ዘፈን ወደ ድምፅ የሚቀይር፣ ከዳቦ የማይበልጥ ሳጥን። አንዱ ዳክ ድምፁን ያለሰልሳል፣ ሌላው ያደርቃል እያሉ ቅዳሜያቸውን ይጨርሳሉ።

እሷ ታዲያ ፈታኝ ነበረች። ሳጥኖቹን ትደብቃለች፤ የሁለቱንም ድምፅ ከፍታ በመለኪያ እኩል ታደርጋለች፤ «ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ጆሮ እንደሆን ሞኝ ነው» ትላለች። ከዚያ ባሏን ከጓሮ ጠርታ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች።

«አንደኛው ወይስ ሁለተኛው?»

«ሁለተኛው» ይላል። ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። አንደኛው ካለ አስቦ የመለሰ አይመስልማ!

አንድ ቀን ግን የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ተነሣ። አንዲት ሴት በክራር ብቻ የምትዘፍነው የቆየ ዘፈን ነበር። ከመጀመሪያው ስንኝ ቀጥሎ ክራሩ ዝም ይላል፣ ሴትየዋ አየር ትስባለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች።

«ተነፈሰች!» አለ። «አንቺ፣ ሴትየዋ እኮ ተነፈሰች!»

የሰው ትንፋሽ ከሰማ ስንት ዘመኑ! አጠገቡ የምትተኛውን የሚስቱን እንኳ በእጁ ነበር የሚያውቀው፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል። መምህርቷ ሳጥኑን ሳይሆን እሱን ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሳጥን፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ነገር፣ ከቦታው አልተነሣም። ማታ ማታ ራት ሳይቀርብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ትንፋሹ ጋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ጣቷን ታነሣለች፣ እሱም «ሰማሁ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

አሁን ውስጡን የሚበላው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በመጨረሻው ዓመት ዘፈኑ እንዳለቀ «ራሴን አመመኝ» እያለች ትወጣ ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ «ፋርማሲስቱ ቤት ነው የምንሰበሰበው» ትለዋለች፤ እሱን ግን ና፣ እንሂድ ብላው አታውቅም። የገደላት ልብ ነው፣ ሐኪሙ ነግሮታል፤ ራስ ምታቱ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ታዲያ ከምን መጣ? ከእኔ ይላል ሾፌሩ። ይሄ ደንቆሮ ሰውዬ አጠገቧ ተገትሮ የምትወደውን ነገር አስጠላት። ይህን ለማን ይናገራል? እንግዳ ሲመጣ ያነባል፣ እንግዳ ሲሄድ ያችን ክፍል ያያል።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ገለል ሲል ከጆሮ ቆራጮቹ አንዱ የሆነው ፋርማሲስቱ መጣ። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ተናግሮ የማይጠግብ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቡናውን አቀዘቀዘ።

«የእሷ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ለሾፌሩ ስለሆነ ጮክ ብሎ። «መመለስ አለብኝ ብዬ ነው።»

ሾፌሩ ፈታው። አዲስ፣ ከባድ፣ ጥቁር ሳጥን።

«ዳክ ነው? አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«እኔ ቤት ነበር የምትሰማበት።»

«የራሷ ጥሩ ሳጥን እያላት?»

ፋርማሲስቱ ወለሉን አየ። «የቱ ጥሩ? የተሰነጠቀው? እሱ እኮ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ያጮኸዋል። ለእኛ መርፌ ነው። ትጥለዋለች ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ ዋናዋ አደረገችው። እንዴት እንደሳቅንባት!»

«እሷንም... እንደ መርፌ ይወጋት ነበር?»

«እሷንማ! የእሷ ጆሮ ከሁላችን ይብስ አልነበር? ንገሪው አልናት። 'ከነገርኩት ለእኔ ብሎ ያስነሣዋል። ከዚያ እሱ ምን ይሰማል?' አለችን። አስማለችን፣ ወንድሜ። ምን እናድርግ።»

ሾፌሩ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አቀፈ። ስለዚህ ራስ ምታቱ ከእሱ ነበር፤ እሱ ግን ባሰበው መንገድ አልነበረም። ደስ ይበለው ይዘን አላወቀም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡበት።

«ና ግጠምልኝ» አለ።

ክፍሏ ገብተው ገመድ ሲነቅሉ እትዬ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምን ልታደርጉ ነው? በእኔ እህት ለቅሶ!»

«አንድ ዘፈን ነው እትዬ። እሷ የሰማችውን ልወቅ። ከዚያ ከፈለግሽ ሸፍኚው።»

ፊቱን አየችው። ዕድሜዋን ስትቆጣው ኖራለች፣ እንዲህ ሆኖ ግን አይታው አታውቅም። ወደ ውስጥ ገባችና እንግዳ እንዳይሰማ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

ፋርማሲስቱ እንደ መምህርቷ ደንብ የሁለቱን ከፍታ በመለኪያው አስተካከለ። መጀመሪያ የተሰነጠቀው ተከፈተ። ሴትየዋ ዘፈነች፣ ክራሩ ዝም አለ፣ ትንፋሹ መጣ፤ ጥርት ብሎ። ሾፌሩ ግን ዘፋኟን ትቶ የፋርማሲስቱን ፊት ነበር የሚያየው። ሰውየው ትንፋሹ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

ልክ እንደሷ። ያንን ስንት ማታ አይቶታል፤ ደስ ብሏት ይመስለው ነበር።

ቀጥሎ ጥቁሩ። ለሾፌሩ ዘፈኑ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ፤ ሴትየዋ የምትዘፍነው ግድግዳ ማዶ ሆነ። ትንፋሹ የለም። የፋርማሲስቱ ግንባር ግን ተፈታ፣ ትከሻው ወረደ። እትዬ በሩን ተደግፋ፣ አንሶላውን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። መጠየቅ ነበረበት፣ ደንቡ ነው።

«አንደኛው ወይስ ሁለተኛው?»

«ሁለተኛው» አለ ሾፌሩ። «እሱ ይሁን። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»

የተሰነጠቀውን ሳጥን በትራስ ልብሱ ጠቅልሎ እግሩ ሥር አኖረ። ከራሱ ጎን ያለውን ወንበር፣ የእሷን፣ በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ባዶ ተወውና የራሱ ላይ ተቀመጠ። ዘፈኑ ጀመረ። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፣ ክራሩ ዝም አለ። ምንም አልሰማም። ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ ጣቱን አነሣ።