ጥቁሩ ለሚተርፈው

ታናሹን ልጅ የሰደበው ታላቅ ወንድሙ ነው። መቼ ቢሉ፣ እህታቸው የተዳረች ቀን፣ በሩ ላይ የታሰረው ጥብጣብ ሊቆረጥ ሲል። ልብስ ሰፊው አባታቸው ትልቁን መቀሱን አወጣ፤ መቀሱ በዝገት ተጣብቆ አልከፈት አለ።

«እሱ ነዋ ዝናብ ላይ የተወው!» አለ ታላቅየው በሰው ፊት ጣቱን ቀስሮ። «ይሄ ልጅ የነካው ሁሉ ይዝጋል!»

ሰው ሳቀ። አባቱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ዝገት ሆኖ ቀረ።

ዛሬ አባትየው የለም። ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ዝገት የአባቱን የዛገ መቀስ ይዞ ጓሮ ውሃ የሞላ ባልዲ ላይ አጎንብሷል። ከሟቹ ፎቶ አጠገብ ታላቅየው ከሱቅ ያመጣው አዲስ መቀስ ያብረቀርቃል፤ አንዲት ክር እንኳ ቆርጦ የማያውቅ።

«የኔ ልጅ፣ ያንን ጉድ ጣለው እንጂ» አለችው ብርጭቆ ልታጥብ የወጣችው አክስቱ።

«ፎቶው አጠገብ የሚቀመጠው የራሱ መቀስ ነው።»

«እንዲያው ነገራችሁ! ወንድሜንም ‹ጣለው› ስለው ‹የሚያድነው ልጅ አለኝ› እያለ ያደርቀኝ ነበር።»

ዝገት ቀና ብሎ አያት። ውሃው ውስጥ የልብስ ሶዳ በትኖ መቀሱን ባንድ ወገን፣ የተሰበረ የበር ማጠፊያ በሌላው ወገን አንጠለጠለ። ከጎረቤቱ ሾፌር የተዋሰውን የባትሪ ቻርጀር አምጥቶ ቀዩን ገመድ መቀሱ ላይ አስነከሰ። ሊሰካው ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለው።

አባቱ የስፌት መኪናውን ብረት እንዲህ ሲያጸዳ አንድ አባባል ነበረው፦ «ቀዩ ለሚያልቀው፣ ጥቁሩ ለሚተርፈው።» ያኔ ቀልድ መስሎት ነበር። አሁን የለበሰውን የሐዘን ጥቁር ሸሚዝ አየ።

«በለው! መቀሱን ላስበላው ነበር እኮ» አለ ለራሱ።

ገመዶቹን አቀያየረ፤ ቀዩን ለማጠፊያው፣ ጥቁሩን ለመቀሱ። ሲሰካው ውሃው አረፋ እየተፋ ይንሾካሾክ ጀመር። ሳሎን ያለው ሰውም እንደዚያው።

«ምን እየሠራ ነው?»

«ዝገት ዝገቱን እያጠበ ነዋ!» የታላቅየው ድምፅ ነው። አንዳንዱ ሳቁን በመሐረብ አፈነ።

ይሳቁ። ማጠፊያው ቀስ በቀስ ተበላ፤ ውሃው ጭቃ መሰለ። ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ቻርጀሩን ነቅሎ መቀሱን አወጣ። በብሩሽ ሲያሸው ጥቁሩ እድፍ እየተላጠ ወረደ። መጋጠሚያው ላይ የመኪና ዘይት አንጠባጠበ፣ ጥርሱን ነክሶ ሳበ። እምቢ አለ። ደግሞ ሳበ።

ቀጭ!

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

ድምፁ በመስኮት ገባ። ወሬው ሁሉ ባንዴ ተቆረጠ። እናቱ ካቀረቀረችበት ብድግ አለች።

«መጣ እንዴ?»

ዝገት መቀሱን ከፍ አድርጎ በበሩ ገባ። እናትየው ስታየው እያለቀሰች ሳቀች፦ «እሱ ነው! ድምፁ ራሱ ነው!»

ዝገት ጎንበስ አለና፣ አባቱ ያደርግ እንደነበረው፣ ከሻርፗ ጫፍ የተንጠለጠለችውን ክር ቀጭ አደረጋት። መቀሱን ፎቶው አጠገብ አኖረና አዲሱን አንስቶ ለታላቅ ወንድሙ አስጨበጠው።

«አንተ… ማን አስተማረህ?» አለ ታላቅየው ከፎቶው ላይ ዓይኑን መንቀል አቅቶት።

ዝገት የጥቁር ሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ፤ ክሯን በጣቱ እንደጠቀለለ ወጣ።