እርስዎ የተባለች ሚስት

እናቴን ለቴሌቪዥን አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይወቀስ። ሰው የሚያሳምሩበት ዝግጅት አለ። “እናቴ ራሷን ጥላለች” ብዬ ቅጹን በገዛ እጄ ሞላሁ፤ ይኸው ተመረጠች።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሰውን ሁሉ ስታለብስ ኖራ የራሷን ቀሚስ ከትርፍራፊ ጨርቅ ነው የምትሰፋው። “ምን ጎደለኝ አልኩሽ?” ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ከሰማ በኋላ ግን እንቢ ማለት ከበዳት።

የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። አባዬ መርሳት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኔን፣ አንድ ልጁን፣ “እርስዎ” ይለኛል፤ ሳልፍ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ይለቅልኛል። ሐኪሙም፣ የገዛ ወንድሙም “እርስዎ” ናቸው። “አንቺ” የሚላት እማዬን ብቻ ነው። “አንቺ፣ ሻዩስ?” “አንቺ፣ የት ጠፋሽ?” ቀኑን ሙሉ አንቺ፣ አንቺ።

“መልኬን ለዋውጠውት ቢረሳኝስ?” አለችኝ።

“እማዬ ደግሞ! ፀጉርሽን እንጂ ራስሽን አይቆርጡት” ብዬ ቀለድኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ሦስት ቀን ሙሉ ሠሯት። ሽበቷን ቀለም ቀቡት፣ መነጽሯን አስወለቋት፣ ቅንድቧን ቀነደቧት። አዲሱን ቀሚስ ሲያመጡላት መጀመሪያ ገልብጣ ስፌቱን አየችና “ተቸኩሎ ነው የተሰፋው” አለች። ይቺን አላስተላለፏትም።

በመጨረሻው ቀን አባዬን ስቱዲዮ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጠው መጋረጃውን ከፈቱት። እውነቱን ልናገር፣ እማዬ አምሮባት ነበር፤ እኔም ኩራት ኩራት አለኝ። አባዬ ብድግ አለ። ኮቱን ቆለፈ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣

“እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ” አላት።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። አዘጋጇ “በውበቷ ደንግጠው ነው!” ብላ ጮኸች። እማዬ ለካሜራው ፈገግ ብላ ተቀመጠች፤ ጣቷ ግን የቀሚሱን ስፌት ይጎረጉር ነበር።

በመኪናውም ውስጥ “መስኮቱን ልዝጋልዎት?” እያላት ቤት ደረስን። በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ “አንቺ ማለቱን ወሰዱብኝ” አለችኝ። ቢያንስ ያ ሁሉ ቅባት ይነሳላት ብዬ ውሃ ላሞቅ ሮጥኩ።

ፎጣ ይዤ ስመለስ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አባዬ እንግዳ እያጫወተ ነው።

“ባለቤቴ አሁን ትመጣለች፣ አይሰልችዎት” ይላታል። “ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ ምላሷን ታወጣለች፣ እንደ ሕፃን። የማነብ መስዬ ጋዜጣውን ከፍ አደርግና በጎን አያታለሁ። አርባ ዓመት አየኋት፣ አልጠገብኳትም።”

“ነግረዋት ያውቃሉ?” አለች እማዬ።

“ኧረ ምን ነካዎት! ትኮራብኛለች” ብሎ ሳቀ።

“እማዬ፣ ውሃው ሞቋል፤ ነይ ፊትሽን ታጠቢ” አልኳት።

ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ በእጇ ከለከለችኝ።

“ቆዪ አንዴ” አለች፤ “ገና አልጨረሰም።”