ስኳር የለም

ጥለዋት የሄዱት ሌሎቹ ሴቶች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አልጋነሽ በቻለችው ነበር። አማቷ እትዬ አይናዲስ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከእሷ ክፍል ወደ ሸሪፋ ክፍል መሻገራቸው ነው አንጀቷን ያሳረረው።

የመሠረተ ትምህርቱ ጣቢያ ውቤ በረሃ ውስጥ፣ ድሮ መጠጥ ቤት በነበረ፣ አሁን ግን ተወርሶ የቀበሌ አዳራሽ በሆነ ቤት ነበር። ባንኮኒው እንኳን አልተነሳም። አልጋነሽ ከቤቷ ስትወጣ የሰው ሚስት፣ የሰው ምራት፣ የልጆች እናት ነበረች፤ እዚያ ባንኮኒ አጠገብ ጠመኔ ይዛ ስትቆም ግን «መምህርት» ትባላለች። ስትገባ ሴቶቹ ብድግ ይሉላታል። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር ይሄ ነበር። የምታስተምረውም እሷ በተማረችበት መንገድ ነው፤ ፊደሉን በአለንጋ ትጠቁማለች፣ ሴቶቹ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ይቀበሏታል። ያልያዘች ቆማ ትደግመዋለች።

ሸሪፋ የፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ቀበሌው ድሮ ጠርሙስ የሚቀመጥበትን ጓዳ ሰጣትና እዚያ ማስተማር ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን ፊደል አልጻፈችም። «ምን ማንበብ ነው የምትፈልጉት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ፣ «የቀበሌውን ሱቅ ሰሌዳ» አለች። እውነቷን ነው። ዛሬ ምን እንደመጣና ምን እንዳልመጣ ሱቁ በር ላይ ይጻፋል፤ ማንበብ የማይችል ግን ግማሽ ቀን ተሰልፎ በሩ ጋ ሲደርስ ነው የሚነገረው። ስለዚህ መጀመሪያ «ስኳር»ን ተማሩ፣ ቀጥለው «ሳሙና»ን። ሰሌዳው ላይ ከሁሉ አብዝቶ የሚጻፈው «የለም» ነውና እሱንም አስከተሉ። ቀድማ የገባት ላልገባት ታስረዳለች፤ ሸሪፋ ከኋላ ቆማ ታዳምጣለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰብስባ ወደ ፒያሳ ታወጣቸውና የኬክ ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የወርቅ ቤቱን ስም እየተከራከሩ ያነባሉ።

ከግድግዳው ወዲህ ማዶ አልጋነሽ ሳቃቸውን ትሰማለች። በእሷ ክፍል ማንም ስቆ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማቷ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እማማ፣ እኔ ጋ ምን ጎደለብዎት?»

«ምን ይጎድልብኛል ልጄ። አንቺ ጋ ሀ ሁን እንደ ዳዊት እደግማለሁ። እዚያ ግን ይጠይቁኛል።»

«ምን ብለው?»

«‹እትዬ አይናዲስ፣ ለእርስዎ ምን ይመስልዎታል?› ብለው ነዋ። የወለድኩት ባልሽ እንኳን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።»

አልጋነሽ ከምስሩ ጠጠር መልቀም ጀመረች። ያን ቀን ነገሩ ከሆዷ አልወጣም።

በማግስቱ ለሌላ ጉዳይ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስትሄድ ሊቀመንበሩ ጓድ እምሩ፣ «አልጋነሽ፣ ክፍልሽ ሳስቷል ይሉኛል፤ ምን ነካው?» አላት።

አስባበት ቢሆን ኖሮ ዝም ባለች ነበር። «እዚያ ጓዳ ‹ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም› እያሉ ባንድ ድምፅ ሲጮኹ ይውላሉ» አለች። «የእኔን ሀ ሁ ማን ይሰማል?»

ጓድ እምሩ መነጽሩን አወለቀ። «ማን ነው የሚያስጮሃቸው?»

«ሸሪፋ።»

«ነገ መጥቼ አያለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ስትወጣ ነው ያለችው ነገር የገባት። የፈለገችው ሴቶቿን ብቻ ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ ከዚህ ባነሰ ቃል ተወስዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ እናቱ ስንቅ አንጠልጥላ ስትመላለስ ቆይታ አንድ ቀን «አታምጪ» ተባለች። አልጋነሽ አሁን የሸሪፋ እናት እዚያው ደጃፍ ቆማ ታየቻት። ቀጥሎም የራሷ ልጆች፣ «የእንትናን ልጅ እናታችሁ አስያዘቻት» ሲባሉ።

ሸሪፋን ልታስጠነቅቅ ወደ ፒያሳ ወጣች። የልጅቱ አባት ጨርቅ ሱቅ ጋ ስትደርስ በመስኮቱ አሻግራ አየች፤ ሸሪፋ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተደግፋ ቆማለች፣ አጠገቧ እትዬ አይናዲስ አሉ። ጣቃው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ሁለቱም ሳቁ። ሸሪፋ ትከሻቸውን አቀፈቻቸው።

አልጋነሽ ለአማቷ ሃያ ዓመት ሙሉ እግር አጥባለች። እንዲህ ስቀውላት አያውቁም። በሩን ሳትከፍት ተመለሰች። እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ።

ጓድ እምሩ እንዳለው መጣ። ሁለቱም ክፍል ጓዳው ውስጥ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ሰሌዳው ላይ የሸሪፋ ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ የለም።

«ይህችን ‹የለም› ማን ነው ያስተማራችሁ?» አለ።

ሸሪፋ ከተቀመጠችበት ልትነሳ ስትል አልጋነሽ የራሷን ድምፅ ሰማችው።

«እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር። ዘዴው የእኔ ነው። እሷ ልጅ ናት፣ ያልኳትን ነው የሠራችው።»

ሸሪፋ ዞር ብላ አየቻት። ጓድ እምሩ ግን አልጋነሽን አላያትም፤ «የለም»ን በእጁ ጠርጎ በቦታው አንድ ቃል ጻፈና ወደ እትዬ አይናዲስ ጠቆመ። «እማማ፣ ያንብቡልኝ።»

እትዬ አይናዲስ ቃሉን አተኩረው አዩት።

«አልቻሉም?»

«ኧረ ችያለሁ። ‹አለ› ትላለች። ሱቁ ላይ አይቻት ስለማላውቅ ነው ፊቷ የጠፋኝ።»

አልጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጓድ እምሩ ሳቀ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ። ከኪሱ ጋዜጣ አውጥቶ ሰጣቸው። ርዕሱን እየተጎተቱም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሌላዋን ጠየቀ፣ እሷም አነበበች።

«ባለፈው ሳምንት የቀበሌ ሊቀመንበሮች ሁሉ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ስንሰበሰብ ‹በእናንተ ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት ፈተና ያለፈ የለም› ተብዬ ፊቴ ሲንቦገቦግ ነበር» አለ። ከዚያ አልጋነሽን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ትናንት ቢሮ መጥተሽ ስለዚህ ክፍል ስትነግሪኝ እኮ ስሞታ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራሽን ልታሳዪኝ ኖሯል። ቅዳሜ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ቀርበሽ ዘዴውን ታስረጃለሽ። ‹የለም›ን ግን ተይልኝ።»

እሱ ወጣ። ትናንት ቢሮ መሄዷን አሁን ሁሉም ያውቃል። አልጋነሽ የሸሪፋን ፊት ማየት አልቻለችም። ከእስር ያዳንኳት እኔ ነኝ ልትል ፈለገች፤ ነገር ግን በየትኛው አፏ? የጠቆመችባትም እሷው ናት። እንዲያም ሆኖ፣ ሊቀመንበሩ ትከሻዋን ሲመታት ልቧ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ማለፉን ለራሷም መካድ አልቻለችም።

ሸሪፋ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ቅዳሜ ምን ብለው ሊያስረዱ ነው?»

«አላውቅም» አለች አልጋነሽ።

«እንግዲያው ይቀመጡ። ከፊት አይደለም፣ እዚያ አግዳሚው ላይ። ሲያዩት ይገባዎታል።»

ልጅቱ ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ምንም ሳይጎድልባት እንዲህ መናገር መቻሏ እንኳን አስቀናት። ሄዳ ተቀመጠች። ከጎኗ የነበሩት እትዬ አይናዲስ ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ቦታ ሊለቁላት ይሁን ከእሷ ሊርቁ ግን አላወቀችም።